ለፎቶ ወይስ ለእንጀራ? የሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ንክሻ ታሪክ

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች «ከየሙያችሁ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ላኩልን» ብለው ሲጠይቁ፣ ከአንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም የሚጠበቀው ስለ ወባ ወይም ስለ ቲቢ መጻፍ ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስን ነው፤ በተለይም የላይኛውና የታችኛው ረድፍ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ንክሻ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ከተመረቅን ሃያ ዓመት ገደማ የሆነን ሰዎች አሁን አርባዎቹ ውስጥ ነን፤ ወላጆቻችንና ያስተማሩን መምህራን ደግሞ ሰባና ሰማንያ ውስጥ ናቸው። ስንገናኝ ከምንጠያየቃቸው ነገሮች አንዱ «እናትህ እንዴት ናቸው? ይበላሉ?» የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ሆድ ውስጥ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህ ታሪክ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። የኬሚስት፣ የኢንጂነር፣ የሕግ ባለሙያና የቀራጭ እጅ አለበት፤ ከየትኛውም ፋኩልቲ ብትመረቁ የራሳችሁን ሰው ታገኙበታላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልናገር የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ለብዙ ዘመን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራው በአብዛኛው ለዓይን ነው። ጥርሱ ጥርስ መምሰል ነበረበት። ሳያቆስልና ሳይነቃነቅ ማኘክ መቻሉ ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ነው። ዛሬም ጥርሱ ተሠርቶ የተሰጠ ዕለት ሥራው ያለቀ የሚመስለን፣ ከዚያ ከቆየው አስተሳሰብ ገና ስላልወጣን ይመስለኛል።

ነገሩ እንደ ጉልቻ ነው

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ንክሻ ለምን ይህን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ላስረዳ። የተፈጥሮ ጥርስ ሥር አለው። እያንዳንዱ ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በቀጫጭን ጅማቶች ተይዞ ለብቻው ይቆማል። አንዱ ትንሽ ከፍ ቢል እሱ ይታመማል እንጂ ሌሎቹን ይዞ አይወድቅም። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ሥር የለውም። ጥርሶቹ በሙሉ በአንድ መደብ ላይ ተደርድረው ድድ ላይ ይቀመጣሉ። የላይኛውን የሚይዘው በላንቃና በመደቡ መካከል ያለው ስስ ምራቅ ነው፤ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ሲነባበሩ እንደሚጣበቁት ማለት ነው። የታችኛው ይህም ዕድል የለውም። መካከሉን ምላስ ስለያዘው፣ መደቡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባብ ነገር ነው፤ ከንፈር፣ ጉንጭና ምላስም ከየአቅጣጫው ይገፉታል።

እንግዲህ አንድ ጥርስ ብቻ ከሌሎቹ ቀድሞ ቢነካ ምን ይሆናል? መደቡ በሙሉ ያጋድላል። በጉልቻ ላይ ድስት የጣደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ጉልቻ ከፍ ካለ ድስቱ ያዘነብላል፤ ወጡም ይፈስሳል። አፍ ውስጥ ደግሞ ለማዘንበል ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ልዩነት ይበቃል። መደቡ ሲያጋድል በአንድ በኩል ድድን ይጫናል፤ በሌላው በኩል ይነሳል፤ የምራቁ ሽፋን ይቋረጣል፤ ጥርሱም ይላቀቃል። ባለቤቱ «ጥርሱ ሰፋኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን መደቡ አልሰፋም፤ ያልተስተካከለው ንክሻው ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ እዚህ ግን ጉልቻውን ማስተካከል ወጡን ያጣፍጣል።

ዶላሩ ላይ ያለው አፍ

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ የጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የምትኖር የክፍል ጓደኛዬን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ማውንት ቨርነን ወስዳኝ አይቼዋለሁ። የእንጨት ጥርስ ነበረው የሚባለው ተረት ነው። እዚያ የሚታየው ጥርስ መደቡ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ማዕድን የተሠራ ነው። በላዩ የሰውና የእንስሳ ጥርስ ተተክሎበታል፤ ላይኛውና ታችኛው ደግሞ በብረት ሞላ ተያይዘዋል። ሐኪም ሆኖ ያየው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዚህ እንዴት ይበላል?» ብሎ ነው።

ዋሽንግተን በ1789 ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም አፉ ውስጥ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ጆን ግሪንውድ ከጉማሬ ጥርስ ፈልፍሎ በሠራለት የታችኛው መደብ ላይ ለዚያች አንድ ጥርስ ማሳለፊያ ቀዳዳ ተወላት። በኋላ እሷም ስትነቀል ግሪንውድ በትንሽ መያዣ ውስጥ አስቀምጦ ለማስታወሻ ያዛት።

ሞላው ለምን አስፈለገ? የላይኛው እንዳይወድቅ ነው። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሁለቱን ረድፎች በሞላ ማያያዝን ገልጿል። ሞላው የላይኛውን ወደ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ታች ይገፋል። መውደቁ ቀረ፤ ነገር ግን ባለቤቱ አፉን ዘግቶ ለመቀመጥ እንኳ ቀኑን ሙሉ መንጋጋውን ማጥበቅ ነበረበት። እንጀራ ሲበላ መንጋጋው ወደ ጎን እንዴት እንደሚፈጭ ያስተዋለ ሰው፣ ሁለት ሞላ ታስሮበት ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያታክት ይገምታል።

በ1796 ሠዓሊው ጊልበርት ስቱዋርት የዋሽንግተንን ፊት ሣለ። በአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለው ፊት ከዚያ ሥዕል የመጣ ነው። ኖቱን ካገኛችሁ አፉን እዩት፤ ከንፈሮቹ ተጣብቀዋል፤ የአፉ ዙሪያ አበጥ ብሏል። ዋሽንግተን ራሱ በ1798 ለግሪንውድ በጻፈው ደብዳቤ ጥርሱ ከንፈሩን ወደ ውጭ እየገፋበት መሆኑን አመልክቶ ነበር። የአገር መሪ ነውና ቅሬታው ስለ መልኩ ቢሆን አይደንቅም።

የዚህ ታሪክ ጨለማ ገጽም አለ። በዋሽንግተን የሂሳብ መዝገብ ላይ በ1784 በባርነት ከነበሩ ሰዎች ለተወሰዱ 9 ጥርሶች ገንዘብ መከፈሉ ተጽፏል። በአውሮፓም ከ1815ቱ የዋተርሉ ጦርነት በኋላ ከሞቱ ወጣት ወታደሮች አፍ የተነቀሉ ጥርሶች ገበያ ላይ ውለው «የዋተርሉ ጥርስ» የሚል ስም አተረፉ። የሀብታሞች ፈገግታ ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደበት ዘመን ነበር። ያ ሁሉ ሆኖም ጥርሱ በደንብ አያኝክም ነበር።

ከሰው ጥርስ ለመላቀቅ ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖርሴሊንን ሞከሩ። የመድኃኒት ቀማሚው ዱሻቶ የጀመረውን የጥርስ ሐኪሙ ዱቧ ደ ሼማን አሻሻለው። አይሸትም፤ ቀለሙን አይለውጥም። ነገር ግን ማንኛዋም ሸክላ ሠሪ እንደምታውቀው ሸክላ እሳት ሲነካው ይኮማተራል። ሳይቃጠል የተለካው መደብ ከምድጃ ሲወጣ ከድድ ጋር አይገጥምም። መልክ ተገኘ፤ መግጠም ግን አልተገኘም።

የዋካያማዋ መነኩሲት

«ከአውሮፓ በፊት ማንም አላሰበበትም» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ጃፓን ውስጥ በዋካያማ አካባቢ የቡድሃ ቤተ መቅደስ የመሠረተች ናካኦካ ቴይ የምትባል መነኩሲት ነበረች። በ1538 ስትሞት የተገኘው የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሷ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ ዛሬም አለ። ሞላ የለውም። ላንቃዋ ላይ በትክክል ስለተቀመጠ በራሱ ይጣበቅ ነበር። የማኘኪያው ገጽ ደግሞ ተበልቷል፤ ይህም ማለት ሴትዮዋ በልታበታለች። ዋሽንግተን ከመወለዱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

እንዴት ቻሉ? የጃፓን ጥርስ ሠሪዎች ከቡድሃ ምስል ቀራጮች የእጅ ጥበብ የወጡ ናቸው። የድዱን ቅርጽ በሰም ይወስዳሉ፤ እንጨቱን ይቀርጻሉ። ከዚያ ድዱ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው እንጨቱን ያስቀምጡታል፤ ሲያወጡት ቀለሙ የነካበትን ቦታ በስለት ይልጋሉ። ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል እስኪታይ ድረስ ይደጋግሙታል። ኋላ በኤዶ ዘመን የመንጋጋ ጥርሶቹ ቶሎ እንዳያልቁ የብረት ወይም የመዳብ ሚስማር ይመቱባቸው ነበር።

ይህችን የቀለም ነገር ያዙልኝ። ዛሬ በየትኛውም የጥርስ ክሊኒክ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ምልክት አድርግ፣ እይ፣ ትንሽ ላግ፣ ደግመህ እይ። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዘዴው አልተለወጠም።

ኤተር፣ ጎማና አንድ ግድያ

ሐኪሞች ጥቅምት 16 ቀን 1846ን ከማደንዘዣ ትምህርት እናስታውሳለን። ቦስተን በሚገኘው በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ኤተር ለቀዶ ሕክምና በአደባባይ የታየበት ዕለት ነው። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ኤተሩን የሰጠው ዊልያም ሞርተን የጥርስ ሐኪም እንደነበረ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ በደንብ እንዲቀመጥ በድዱ ውስጥ የቀሩ ሥሮች በሙሉ መነቀል ነበረባቸው፤ ሕመሙን ፈርቶ የሚቀረው ሰው ብዙ ነበር። የሰው ልጅ ከሕመም የሚያሳርፈውን መድኃኒት ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ፣ ጥርስ የማስተከል ገበያ ነው ማለት ይቻላል።

ማደንዘዣ ሲመጣ ጥርሱን ሁሉ የሚያስነቅለው ሰው በዛ፤ የሚጠብቀው ርካሽ መደብ ነበር። እሱም ከጎማ መጣ። በ1851 ኔልሰን ጉድየር ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የማጠንከር ዘዴውን በፓተንት አስመዘገበ። ጎማው ሲለሰልስ በአፍ ልክ በተወሰደ የጄሶ ቅርጽ ላይ ተጭኖ፣ ሲጠነክር የድዱን እያንዳንዱን ጉብታና ስርጉድ ይይዛል። ሞላው ከአፍ ወጣ።

እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያዎቻችን ይገባሉ። የጉድየር የጥርስ ጎማ ኩባንያ ፓተንት ይዞ የጥርስ ሐኪሞችን ሁሉ ፈቃድ ካልገዛችሁ እያለ ይከስሳቸው ጀመር። ክሱን የሚመራው የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን ነበር። በሚያዝያ 1879 ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ ሳሙኤል ቻልፋንት የሚባል፣ ክስ ያሳደደው የጥርስ ሐኪም ተኩሶ ገደለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓተንቱ ጊዜው አበቃ፤ ጎማውም ለማንም ክፍት ሆነ።

ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። መደቡ የማይገጥም በነበረበት ዘመን ንክሻው መዛባቱን ማንም ልብ አይለውም፤ ጥፋቱ ሁሉ የመደቡ ይመስላል። መደቡ ሲገጥም ግን አዲስ ቅሬታ ተሰማ፤ «ቁጭ ሲል ልክ ነው፣ ሳኝክ ግን ይነሳል»። ያኔ ነው ጥያቄው ከድድ ወደ ንክሻ የዞረው።

መንጋጋ የሚሄድበት መንገድ

የታችኛው መንጋጋ እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይከፈትም። ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ወደ ጎን ይዞራል፤ እየዞረም ይወርዳል። ፊት ለፊት ሲነከስ በደንብ የገጠመ ጥርስ ወደ ጎን ሲፈጭ ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ጥርስ ሠሪው ጠረጴዛው ላይ የመንጋጋን አካሄድ የሚመስል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ መሣሪያ አርቲኩሌተር ይባላል።

አሜሪካዊው ዊልያም ቦንዊል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ብዙ መንጋጋዎች ለክቶ፣ ሁለቱ የመንጋጋ መገጣጠሚያዎችና የታች ፊት ጥርሶች መካከል የሚገኙበት ነጥብ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ አለ። መሣሪያውንም በዚያ ልክ ሠራው። ከሱ ጋር የሚያያዘው ሌላው ሐሳብ በመንጋጋ እንቅስቃሴ ሁሉ ጥርሶቹ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይንኩ የሚለው ነው፤ አንድ ፊት ለፊት፣ ሁለት ከኋላ በግራና በቀኝ። ሦስት ጉልቻ ማለት አይደል?

በ1890 ጀርመናዊው የሰውነት አካል ተመራማሪ ፈርዲናንድ ግራፍ ሽፔ የጥርስ ረድፍ ቀጥ ያለ መስመር እንዳልሆነ፣ ከጎን ሲታይ ወደ ላይ የሚያጎነብስ ቅስት እንዳለው ገለጸ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የዙሪኩ አልፍሬድ ጊዚ የእያንዳንዱን ሰው የመንጋጋ አካሄድ እየለካ የሚስተካከል መሣሪያ ሠራ፤ የሰው ሠራሽ መንጋጋ ጥርሶችንም ቅርጽ በዚያው ስሌት ነደፈ። በ1926 ኢንጂነሩ ሩዶልፍ ሃናው ንክሻን የሚወስኑ አምስት ነገሮችን ዘርዝሮ፣ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ አብረው መስተካከል እንዳለባቸው አሳየ። ከአምስቱ የመጀመሪያው የመንጋጋው መገጣጠሚያ ቁልቁለት ነው፤ እሱ የባለቤቱ ነውና አይነካም። ሌሎቹን አራቱን ጥርስ ሠሪው ሊያዛምዳቸው ይችላል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን አንድ ነገር አልቻለም፤ ድድን ብረት ማድረግ አልቻለም። ድድ ሲጫኑት ይሰምጣል፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይሰምጣል። መሣሪያው ላይ ያለው ጄሶ ደግሞ አይሰምጥም። በዚያ ላይ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጎማውን የተካው አክሪሊክ፣ ቀለሙ ድድ መሳይ ሆኖ ሁሉም የወደደው ፕላስቲክ፣ ሲጠነክር በመጠኑ ይኮማተራል። በሰም ላይ በጥንቃቄ የተደረደሩት ጥርሶች ከማሽኑ ሲወጡ ከቦታቸው በጥቂቱ ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ።

ስለዚህ እኛ ሐኪሞች ልብ ማለት ያለብን ይህንን ነው። አዲስ ሙሉ ጥርስ ንክሻው ትንሽ መዛነፉ የሠሪው ስንፍና ምልክት አይደለም። የዕቃው ባሕርይ ነው። አፍ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ደግሞ የጥገና ሥራ ሳይሆን የመሥራቱ የመጨረሻ ደረጃ ነው።

ሰማያዊው ወረቀት

ይህ በእኛ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጡረታ የወጣች መምህር አክስት አለችኝ። ሙሉ ጥርስ አሠርታ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድና ሠርግ ስትጠራ ታደርገዋለች፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን ፊቷን ዞር አድርጋ ታወጣውና በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትተዋለች። «ይኼ ለፎቶ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም» ትላለች። ቀስ በቀስ ሥጋውንም፣ ጎመኑንም፣ ሰላጣውንም ተወች፤ ሽሮና ገንፎ ብቻ ቀረ። ክብደቷ ቀነሰ። ስኳሯም፣ የታይሮይድ ምርመራዋም፣ ሌላውም ደህና ነበር። ሆዷ ደህና ነው፤ ምግቡ ነው ወደ ሆዷ ያልደረሰው።

አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። አዲስ ጥርስ አልሠራላትም። መጀመሪያ የመደቡን ውስጥ በነጭ ክሬም ቀብቶ ድዷ ላይ አስቀመጠው፤ ሲያወጣው ክሬሙ የተገፋበት ቦታ መደቡ የሚጫንበት ነው። እዚያ ብዙም ችግር አልነበረም። ቀጥሎ ካርቦን የመሰለ ስስ ሰማያዊ ወረቀት በግራና በቀኝ አስገባ።

«እማማ፣ ምላስዎን ወደ ላንቃዎ ወደ ኋላ ይስቀሉልኝ፤ አሁን ቀስ ብለው ይንከሱ» አላት።

«ጠበቅ ላድርግ?»

«አይ፣ ቀስ ብለው። እስኪነካ ብቻ።»

ጥርሱን አውጥቶ አሳየኝ። በቀኝ በኩል በስተኋላ ባሉት ሁለት የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ አለ፤ በግራ በኩል ምንም የለም። አንዱ ጉልቻ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ስትነክስ ቀኙ ቀድሞ ይነካል፤ ግራው ይነሳል፤ ወደ ግራ ስታኝክ የታችኛው መደብ ይንሸራተትና ድዷን ያቆስላታል።

ማለስለሻውን አንስቶ ነጥቧን ብቻ ነካ አደረጋት። ደግሞ ወረቀት፤ ደግሞ ነካ። ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ሕግ አለው። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ ላንቃ ያለው ሾጣጣ ጫፍ በታችኛው ጥርስ ስርጉድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የንክሻውን ከፍታ ይይዛል፤ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ዘነዘናውን በችኮላ ከላጉት የፊት ከፍታ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስርጉዱን ያሰፋሉ። መንጋጋ ወደ ጎን ሲሄድ የሚጋጨውን ደግሞ ከላይኛው የጉንጭ በኩል ጫፍና ከታችኛው የምላስ በኩል ጫፍ ይቀንሳሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነጥቦቹ በግራና በቀኝ ተመጣጠኑ።

በመጨረሻ «ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት እያሉ ይቁጠሩ» አላት። «ስ» ስንል የላይና የታች ጥርሶች ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው ይቆማሉ። ጥርሱ በጣም ረጅም ከሆነ እዚያ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። የእሷ አላለም። በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ቀጠራት፤ በሁለቱም ቀጠሮ ጥቂት ጥቂት ነካካው።

አሁን አክስቴ ጎመንና በደንብ የበሰለ ሥጋ ትበላለች። ቆሎ አልተመለሰም፤ መመለስም አልነበረበትም። በሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገኘው የመንከስ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ ሩብ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን አስቀድሞ ለሰው መንገር ሐቀኝነት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለክሊኒክና ለቤት የሚሆን

ውድ ጓደኞቼና መምህራኖቼ፣ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ማለስለሻም አልይዝም። ነገር ግን ከጥርስ ሐኪም ጋር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በዕድሜ ለገፋ ሕመምተኛ የማነሳቸው ጥያቄዎች አሉ። የትኛውም ሐኪም፣ የትኛውም ልጅ ሊጠይቃቸው ይችላል።

ጥርሱን ሲበሉ ያደርጉታል ወይስ ያወጡታል? ሲበሉ የሚያወጡት ከሆነ ጥርሱ ገና አላለቀም። ሕመሙ መቼ ነው? ገና ሲገባ ጀምሮ ከሆነ ወይም በመደቡ ጠርዝ ላይ ቁስል ካለ፣ የመደቡ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሲያኝኩ ብቻ ከሆነ ግን ንክሻው ይታይ። ሲናገሩ ቀጭ ቀጭ ይላል? ፊት ይደክማል? ጥርሱ ከፍ ብሎ ይሆናል። አገጭ ወደ አፍንጫ ተጠግቶ የከንፈር ማዕዘን ይሰነጠቃል? ንክሻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ፈንገስና የብረት ወይም የቫይታሚን እጥረት መኖሩን ማየት የእኛ ሥራ ነው።

መድኃኒታቸውንም እንይ። የላይኛውን የሚይዘው ምራቅ ነው ብያለሁ። ለአለርጂ፣ ለድብርትና ለሽንት መቆጣጠሪያ ከምናዝዛቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ አፍ ያደርቃሉ። በደረቅ አፍ ውስጥ የተስተካከለ ጥርስም አይያዝም።

መሬቱም ይሸሻል። ተመራማሪዋ አንትየ ታልግሬን ጥርስ አልባ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትላ በ1972 እንዳሳተመችው፣ ጥርስ የወለቀበት አጥንት ዓመት በዓመት ይሟሟል፤ በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ደግሞ ከላይኛው አራት እጥፍ ገደማ ይሟሟል። ስለዚህ ዛሬ ልክ የሆነ ንክሻ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልክ ላይሆን ይችላል። በየዓመቱ መታየት አለበት።

ቤት ውስጥ በሞረድ ወይም በምላጭ መላግ ግን አይሆንም። የሚያመው ቦታና ከፍ ያለው ቦታ አንድ አይደሉም፤ በግራ የሚያም ድድ ጥፋቱ በቀኝ ያለ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ወረቀት የሌለው ሰው የሚልገው ንጹሑን ጥርስ ነው። ማጣበቂያ ክሬምም ለጊዜው ይይዛል እንጂ ያጋደለ መደብ አያቀናም። ማታ ደግሞ ጥርሱ ወጥቶ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይደር። ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጥርሱን አድርገው በሚተኙት ዘንድ የሳንባ ምች ከሁለት እጥፍ በላይ መታየቱን ዘግቧል።

በአገራችን ሙሉ ጥርስ ማሠራት ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ወጪ ነው፤ ልጆች አዋጥተው፣ ውጭ ያለው ልኮ ነው የሚሠራው። ያ ገንዘብ መሐረብ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀጠሮ ጠፍቶ ነው። በጥርስ ሕክምና የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የውስጥ ደዌ ተለማማጆቻችንን አንድ ከሰዓት ወደ ክሊኒካችሁ ብንልክ፣ የሰማያዊውን ወረቀት ምልክት አይተው ቢመለሱ፣ ክብደት ስለቀነሰ አዛውንት ሲያስቡ አፍን አይረሱም። ሌሎቻችሁም ለወላጆቻችሁ ጥርስ ስታሠሩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «ከተሰጠ በኋላ ስንት ጊዜ ያዩልናል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በማግስቱ ይሁን።